የስግድ ሳምንት በሽኩና ቤት፦ ለልጅ ልጆች ማን ይተርጉምላቸው?

በቤርሼቫ ሽኩና ቤት የስግድ ሳምንት የሚጀምረው በዋትሳፕ ነው። የጋኑ አስተማሪ፣ ጋኔኔቷ፣ ለወላጆች ቡድን መልእክት ትልካለች። በበዓሉ ቀን ልጆች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ይምጡ። ቤቱ ውስጥ መሶብ፣ ጀበና ወይም ጥበብ ቀሚስ ያለው ለአንድ ቀን ያውሰን። መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፤ መጥተው ለልጆቹ ስለ በዓሉ የሚነግሩ አያት ይኖራሉ?

እናት መልእክቱን የምታነበው ሥራ ቦታ፣ በዕረፍት ሰዓቷ ነው። ማታ ቤት ስትገባ ለእናቷ ትነግራቸዋለች። የብዙ አያቶች መልስ ታዲያ አንድ ዓይነት ነው። «እኔ በምን ዕብራይስጤ ልጄ? ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። መሶቡ ይሄዳል፣ ጀበናው ይሄዳል፣ ቀሚሱም ተጣጥፎ በከረጢት ይሄዳል። አያት ግን ቤት ይቀራሉ።

ስግድ ሄሽቫን 29 ቀን፣ ከዮም ኪፑር ተቆጥሮ በ50ኛው ቀን ይውላል። በ2008 ክኔሴት ባወጣው ሕግ የአገሩ በዓል ሆኗል። ዋናው ሥነ ሥርዓት በኢየሩሳሌም፣ በአርሞን ሃናጺቭ ይደረጋል። ከዚያ ወዲህ በየጋኑና በየቤት ሴፌሩ የሚደረገው የልጆች ዝግጅትም እየበዛ መጥቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንደ ቀላል መታየት የለበትም። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት እዚህ አገር የመጣ ልጅ ስለ ስግድ ለክፍል ጓደኞቹ ማስረዳት ቢያምረው እንኳ ከየት ይጀምራል? ዛሬ የሩሲያ፣ የሞሮኮና የኢትዮጵያ ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው «ሲግድ» ሲሉ ይሰማል። የጎደለው ሌላ ነው። ልጆቹ በዓሉን ከዕቃው ጋር አውቀውታል፤ ነገሩን የሚነግራቸው ሰው ግን ስንት ጊዜ አግኝተዋል?

የሽኩና ቤት ቤተሰብ ሳምንት ለዚህ ጥያቄ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ሰፈሩ ከሶሮካ ሆስፒታልና ከቤንጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ብዙ አይርቅም፤ ሊፍት የሌላቸው አሮጌ ሕንጻዎች ይበዙበታል። እሁድ አባት ገና ሳይነጋ ይወጣል። እናት ትንሿን ጋን፣ ትልቁን ቤት ሴፌር አድርሳ ወደ ሥራ ትሮጣለች። ሰኞ የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ አለ፤ ከሚስራድ የመጣ ደብዳቤም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ይጠብቃል። ማክሰኞ የልጁ የእግር ኳስ ልምምድ፣ የሴቷ ሑግ። ረቡዕ ነጩ ሸሚዝ ጠቦ ይገኝና ወደ ሱቅ ሩጫ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መሀል ልጆቹን ከጻሃሮን የሚያወጣው፣ ደረጃውን ይዟቸው የሚወጣው፣ ምሳቸውን የሚያሞቅላቸው ማን ነው? አያት ናቸው።

ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ አይተያዩም ማለት አይቻልም። ሳምንቱን ሙሉ አብረው ይውላሉ። የሚነጋገሩበት ቃል ግን ጥቂት ነው። «ብላ»፣ «ና»፣ «ተው»፤ ከዚያ ደግሞ «ቦ»፣ «ዳይ»። ፍቅሩ ሞልቶ የፈሰሰ ነው፤ ወሬው ግን ከጉልበት በላይ አይወጣም። ልጁ አማርኛውን ወይም ትግርኛውን ይሰማ ይሆናል፤ የሚመልሰው በዕብራይስጥ ነው። እናት መሀል ላይ ካለች ታስታርቃለች። እናት ደግሞ ሥራ ላይ ናት።

እዚህ ላይ ስግድ ራሱ የሚናገረውን መስማት ይጠቅማል።

ቄሶቻችን ለስግድ ከሚያነቧቸው መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ነህምያ ነው። 8ኛው ምዕራፍ የሚያወራው ከባቢሎን ምርኮ ስለተመለሱት ሰዎች ነው። ሕዝቡ ኢየሩሳሌም አደባባይ ላይ ተሰብስቦ ዕዝራን ኦሪቱን እንዲያመጣ ጠየቀው። የተሰበሰቡት ወንዶች ብቻ አልነበሩም፤ ሴቶችም፣ ሰምቶ ማስተዋል የሚችል ሁሉም ቆሞ ነበር። ዕዝራ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አነበበ። ሌዋውያኑ ደግሞ የተነበበውን ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ያለቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ጾመው፣ ማቅ ለብሰው፣ በራሳቸው ላይ አፈር ነስንሰው ተናዘዙ፤ ቃል ኪዳናቸውንም አደሱ። የታልሙድ ሊቃውንት ያን ማስረዳት «ትርጉም ነበር» ብለው ያብራሩታል። ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ የሚናገረው በሌላ ቋንቋ ስለነበር፣ ኦሪቱ በሚገባው ቋንቋ ተነገረው ማለት ነው።

ይህ ለቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች እንግዳ ነገር አይደለም። አምቦበር ላይ ወይም በሌላው ተራራ ላይ ቄሱ ያነብቡ የነበረው በግዕዝ ነው። ግዕዝ ለገበሬውም ሆነ ለአንጥረኛው፣ ለሸማኔውም ሆነ ሸክላ ለምትሠራው እናት የቤት ቋንቋ አልነበረም። ስለዚህ ቄሱ አንብበው ወደ አማርኛ ይመልሱታል፤ በትግራይ በኩል ደግሞ ወደ ትግርኛ። ሰዉ የሚሰግደው፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ የሚለምነው ያን ሰምቶ ነው። ማስተርጎም የበዓሉ ሥራ ነበር እንጂ የቸገረው ሰው ዘዴ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ አያት «ዕብራይስጥ የለኝም» ብለው ከጋኑ ሲቀሩ፣ ስግድ ከመጀመሪያው ቋንቋ ለተለያየው ትውልድ የሚደረግ በዓል መሆኑ ይረሳል። ግዕዙን አማርኛ ያደረጉት ቄሶች ነበሩ። አሁን አማርኛውን ዕብራይስጥ የሚያደርግ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ዓመቱ ትልቁ የልጅ ልጅ።

«ልጅ እንዴት የኦሪት ነገር ይተረጉማል?» የሚል አይጠፋም። ከየመን የመጡትን ጎረቤቶች መጠየቅ ይቻላል። የየመን አይሁዶች በቤት ክኔሴታቸው ኦሪት ሲነበብ ከእያንዳንዱ ጥቅስ በኋላ የአራማይክ ትርጉሙን የማንበብ ልማዳቸውን እስከ ዛሬ ይዘዋል። ተነሥቶ ትርጉሙን የሚያነበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነው። ሽማግሌው ያነባል፣ ልጁ ይተረጉማል፤ ማንም አያፍርም። ልጁ ግን ይህን ለመቻል ሳምንቱን ሙሉ ከአባቱ ጋር ያጠናል። ትምህርቱ ያለው እዚያ ጥናቱ ላይ ነው።

በራሳችን ታሪክም ከባድ ትርጉም የተጣለው በወጣት ትከሻ ላይ ነበር። በ1955 የመጀመሪያዎቹ 12 የቤተ እስራኤል ወጣቶች ከኢትዮጵያ ወደ ክፋር ባትያ መጡ፤ ሁለተኛው ዙር ሲጨመር 27 ሆኑ። የተላኩት ዕብራይስጥና የአይሁድ ትምህርት ተምረው ተመልሰው በመንደሮቹ እንዲያስተምሩ ነበር። ከእስራኤል ጋር ሊደረግ የነበረው ጉዞ ሁሉ ገና ሕልም በነበረበት ጊዜ፣ ኢየሩሳሌምን አይተው ተመልሰው ለእናትና ለአባት የተረኩት እነዚያ ልጆች ናቸው። ያኔ ልጅ ለሽማግሌ ተረጎመ። አሁን ደግሞ ሽማግሌው የሚናገረውን ልጅ ለልጅ ይተርጉም ቢባል ምን ይገርማል?

በውጭ የሚኖሩ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም ይህንኑ እያዩት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ለልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩት፣ ልጁ ቅዳሴው ሳይገባው ቆሞ እንዳይውል ብለው ነው። ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም የአያቱ ጭንቀት ግን ያው ነው።

አያት ከልጁ ጋር ለማጥናት ከተቀመጡ ከየት ይጀምራሉ? ከቃላት ቢጀምሩ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ለልጁ ጨዋታ ይሆንለታል። አያት «ቤት» ሲሉ ልጁ «ባይት» ይላል። «ራስ» ሲሉ «ሮሽ»፣ «ስም» ሲሉ «ሼም»፣ «ልብ» ሲሉ «ሌቭ»፣ «ነፍስ» ሲሉ «ኔፌሽ»፣ «ደም» ሲሉ «ዳም»፣ «ሰማይ» ሲሉ «ሻማይም»፣ «ሰንበት» ሲሉ «ሻባት» ይላል። ግዕዙን የሚያውቁ ደግሞ «ማይ» ብለው ውሃውን ያሳዩት፤ «ማይም» ብሎ ይጮሃል። «ከልብ» ቢሉት እንኳ፣ በግዕዝ ውሻ ማለት ነውና፣ «ኬሌቭ» ብሎ ይስቃል፤ አማርኛው «ከልቤ» የሚለው ትዝ ያላቸው አያትም አብረው ይስቃሉ። ከዚያ ወደ ዋናው ቃል መምጣት ነው። «ሰገደ»። በዕብራይስጥም «ሳጋድ» የሚል ቃል አለ፤ ትርጉሙም ያው መስገድ ነው። ልጁ «ሲግድ» የሚለው ስም ከሩቅ የመጣ ባዕድ ቃል ሳይሆን እሱ ራሱ የሚያውቀው ቃል ወንድም መሆኑን አንዴ ካየ፣ ሁለተኛ አይረሳውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጸሎት ቤቱ «መስጊድ» ይባል የነበረውም ከዚሁ ሥር ነው። ይህን ለልጅ መንገር ያስፈልጋል። ዛሬ ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው የእስላሞችን የጸሎት ቤት ስለሆነ፣ ሳይነገረው ቢሰማ ግራ ይገባዋል። የከተማዋን ስምም እንዲሁ። ልጁ «ቤርሼቫ» የሚላትን፣ አያት ገና በመንደራቸው ሳሉ «ቤርሳቤህ» ብለው ከኦሪት ያውቋታል፤ አብርሃም ጕድጓድ የቆፈረባትና የማለባት ናት። «እማማ፣ እዚህ ሳትመጪ በፊት ሰፈራችንን ታውቂው ነበር?» ቢል አይገርምም። አዎ፣ በስም ያውቁት ነበር።

ከቃላቱ ቀጥሎ ታሪኩ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የአያት ሀብት አያልቅም።

ኅዳር ነው። ክረምቱ አልፎ ምድሩ ገና እንደለመለመ ነው፤ አዝመራው ደርሷል። ከሩቅ መንደር የሚመጣው ሰው አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያም በላይ በእግሩ ይጓዛል። ዘመድ ቤት ያድራል፤ ያ ቤት በእንግዳ ይሞላል። ሴቶች እህሉን ሲፈጩ ሰንብተዋል፤ ዳቦው ይደፋል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ከብት ይታረዳል። በዋዜማው ሁሉም ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል፤ ልብሱንም ያጥባል። ነጭ ልብስ የሚባለው ሱቅ ሄደው የሚገዙት አልነበረም፤ በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተረግጦ፣ ተወቅሮ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የነጣ ነው። ጠዋት ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ነጋሪቱና ቃጭሉ እየተሰማ ወደ ተራራው ይወጣሉ። ሕዝቡ ይከተላል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፤ በራሱ፣ በትከሻው፣ በጀርባው። በአምላኩ ፊት ራሱን ዝቅ ማድረጉ ነው። ለሞቱ ዘመዶች መታሰቢያ ብሎ እህል ይዞ ወጥቶ የሚበትን አለ፤ ወፎች ይለቅሙታል። አዋቂው እስከ ከሰዓት ይጾማል። ከዚያ እየዘመሩ መውረድ፣ በመስጊዱ ግቢ ቁጭ ብሎ መብላት፣ ጨዋታ።

የጋን ልጅ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው ምኑን ነው? ድንጋዩንና ወፎቹን። ይህን ልጆች ያጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ቃል ኪዳን መታደስ ቢነግሩት ዓይኑ ወደ መስኮት ይሄዳል፤ «ድንጋይ ተሸክመን ተራራ ወጣን» ሲሉት ግን «ለማ? ለማ?» እያለ ይጠይቃል፤ ለምን ማለቱ ነው። መልሱ አንድ አረፍተ ነገር ይበቃዋል። ስለዚህ ጋን የሚሄዱ አያት ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልጋቸውም። በአምስት ዓመታቸው ያዩትን አንድ ነገር ይናገሩ። ከእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው ያዩትን ጃንጥላ፣ እግራቸውን የወጋቸውን እሾህ፣ ሲወርዱ የተሰጣቸውን የዳቦ ቁራጭ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ትልቁ የልጅ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ይተርጉም፤ አስተማሪዎቹም ለአንድ ሰዓት ከክፍሉ እንዲወጣ ከተጠየቁ ይፈቅዱለታል። እሱም በበኩሉ ያን ቀን ከክፍል ጓደኞቹ የሚለይበት ነገር አለው፤ ሌላው የማይችለውን ይችላል።

ለማዘጋጀት ግን ሁለት ሦስት ማታ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ማታ ቡና ሲፈላ፣ ስልኩን ወዲያ አስቀምጦ፣ አያት አንድ ጊዜ በአማርኛ ይናገሩት፤ ልጁ ይመልሰው። ያልገባው ቃል ላይ ይቆማል፤ እናት ከሥራ ስትመለስ ትጨምርበታለች። «ማቅ» ምን ይባላል? «ሳክ»። 

ስለ ዳቦው ደግሞ አንድ ነገር። በአንዳንድ ጋኖች ከቤት የተጋገረ ምግብ በካሽሩት ምክንያት አይገባም። አያት ሌሊት ተነሥተው የደፉት ዳቦ በር ላይ ሲመለስ ማየት ደስ አይልም፤ ከዚያ በኋላ «እንግዲህ አልሄድም» የሚሉ ቢኖሩ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የማይገባ ከሆነ ጥሩ መላ አለው፤ ዱቄቱ፣ ሽማሪሙ፣ ዘይቱና ጥቁር አዝሙዱ ከነማኅተሙ ተገዝቶ ዳቦው እዚያው ጋን ውስጥ ይቦካ። እንዲያውም ይህ ይሻላል። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ሊጡን ይነካሉ፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል ደግሞ ለወሬው ጊዜ ይገኛል። በታኑር የተጋገረው የኮባ ቅጠል ላይ እንደተጋገረው አይሆንም፤ ሽታው ግን ይመጣል። ሊጥ ለማቡካት ደግሞ ዕብራይስጥ አያስፈልግም። ዝም ብለው ቢያቦኩ እንኳ ልጆቹ ያያሉ።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከትልልቆቹ ነው። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጅ «እናንተስ እንዴት መጣችሁ?» ይላል። በሱዳን በኩል የመጡ አያት እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን ወጥተዋል፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ልጁ በቤት ሴፌር የሚማረው አውሮፕላኑን ነው። በእግር የተሄደውን፣ በሱዳን መጠለያዎች በበሽታና በረሃብ የቀሩትን፣ ወደ 4,000 የሚገመቱትን፣ ከመጽሐፍ ቢያገኝም የሚያምነው ከአያቱ ሲሰማ ነው። ይህ ለጋን ልጅ አይነገርም፤ ጊዜው አይደለም። ለትልቁ ግን በስግድ ሰሞን ካልተነገረ መቼ ይነገረዋል? ተራራው ላይ እህል የተበተነው ለሞቱት ነበር። ለወንድማቸው፣ ለእናታቸው፣ መንገድ ላይ ለቀረው ሕፃን ስም ለመጥራት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ስሙን ብቻ መጥራትም ይበቃል። ልጁ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ትርጉም አይጠይቅም።

ወንዶቹ ሽማግሌዎችስ? የጋኑ ጥሪ «አያት» ሲል አብዛኛው ሰው ሴት አያት ያስባል፤ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው መቋሚያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። እኚህ ሰው ግን ምናልባት ከቄሱ አጠገብ ቆመው የሰሙ፣ ግዕዙን በቃላቸው የያዙ ናቸው። ለባር ሚጽቫ የሚዘጋጅ የልጅ ልጅ ካላቸው፣ በቤታቸው ካለው ታናኽ የነህምያን 8ኛ ምዕራፍ አውጥቶ በዕብራይስጥ እንዲያነብላቸው ይጠይቁት። እሳቸው በቃል የሚያውቁትን ይንገሩት። አንዱ ሌላውን ያርማል። ልጁ ያነበበው ቃልና አያቱ ከተራራው ያመጡት ቃል አንድ ሆኖ ሲገኝ የሚፈጠረውን ዝምታ ያየ አይረሳውም። ቄሶቹ እያረጁ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እያንዳንዱ ቤት ያለውን ያህል ማውጣት ይኖርበታል።

የበዓሉ ቀን ራሱ ሩጫ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው ኦቶቡስ ማለዳ ይነሣል፤ መንገዱ በመኪና ከአንድ ሰዓት ተኩል የማያንስ ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ አርሞን ሃናጺቭ አካባቢ መኪና ይጨናነቃል። በሥራ ቦታ ስግድ ከምርጫ ቀኖች አንዱ ስለሆነ፣ ሠራተኛ ከዓመት ዕረፍቱ ላይ ወስዶ መቅረት ይችላል፤ ግን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ልጆች ከተወሰዱ ውሃ፣ ኮፍያና የሚበላ ነገር አይረሳ፤ ሕፃን አይጾምም። ተራራው ላይ ነፋስ አለ፤ ከቤርሼቫ በስስ ሸሚዝ የወጣ ልጅ እዚያ ይንቀጠቀጣል። ሕዝቡ መሀል ከመቆም ይልቅ ድምፁ በሚሰማበትና ቄሶቹ በሚታዩበት ዳር ቦታ መያዝ ጥሩ ነው፤ አያት ዝቅ ብለው በጆሮው «አሁን ዐሥርቱ ትእዛዛት እየተነበበ ነው»፣ «አሁን እጅ ይዘረጋል» ሊሉት የሚችሉት እዚያ ሲሆኑ ነው። ካልሆነ ለልጁ ቀኑ ጃንጥላና ሰልፊ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ወጣቶቹ ዘመድና ጓደኛ የሚገናኙበት ቀን ማድረጋቸው አይከፋም፤ አምቦበርም ላይ ወጣት ወጣትን ይፈልግ ነበር፤ ስንቱ ትዳር ከዚያ እንደተጀመረ ሽማግሌዎቹ ሲጫወቱ ይሰማል።

በ2024 ሄሽቫን 29 ሰንበት ላይ ስለዋለ ስግድ ወደ ሐሙስ ኖቬምበር 28 ቀርቦ ተከበረ። በ2025 ራሱ ቀኑ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20 ነበር። ሁለቱንም ዓመት በማግሥቱ ዓርብ ሆነ፤ ከኢየሩሳሌም ደክሞ የተመለሰው ቤት ገና ጫማውን ሳያነሣ የሰንበት ዳቦ ማቡካት ነበረበት፤ ፀሐይ ደግሞ በዚያ ወቅት በጊዜ ትጠልቃለች።

በ2026 ስግድ የሚውለው ሰኞ፣ ኖቬምበር 9 ነው። ይህ ሳምንቱን ሁሉ ይገለብጠዋል። በጋንና በቤት ሴፌር ዝግጅቱ ባለፈው ሳምንት ውስጥ ወይም እሁድ መሆኑ ስለማይቀር፣ የጋኔኔቷ መልእክት ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ከሰንበት በኋላ ለዝግጅት የሚቀረው እሁድ አንድ ቀን ብቻ ነው። ነጩ ሸሚዝ እስከ ዓርብ ጠዋት ታጥቦ ይደር። ቃላቱና ታሪኩ ግን ለሰንበት ይቆዩ። በሰንበት ስልክ ተዘግቷል፣ እናትና አባት ቤት ናቸው፣ ልጆቹም ሑግ የለባቸውም። ከምሳ በኋላ ትልቁን ልጅ ጠርቶ «ና እስኪ፣ ሰኞ የምንለውን እንየው» ለማለት ይመቻል።